ያነሳነው ፎቶ እንዳይጠፋብን ምን እናድርግ?

እኔ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ካሜራ ከሚይዙት ልጆች አንዱ ነኝ። በዚህ እትም በዲጂታል ካሜራ ያነሳነው ፎቶ ሳናስበው እንዳይጠፋ ምን ማድረግ እንዳለብን የማውቀውን ላካፍላችሁ ብዕሬን አንስቻለሁ።

«አንድ ፎቶ ቢጠፋ ምናለበት? ሌላ ይነሳል» የሚሉ ልጆች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ዛሬ ባይነሳ ነገ ይነሳል። የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ግን ሚኒስትሪ ተፈትነው ከተበተኑ በኋላ «ኑና እንደገና ተሰለፉ» ማለት አይቻልም። በወላጆች በዓል የተሸለመች ልጅም ያንን ቀን ደግማ አታገኘውም። ቤታቸው ከዚያ ሌላ ፎቶ የሌላቸው ልጆችም አሉ። ስለዚህ ካሜራ የያዘ ልጅ የሰው አደራ ይዟል ማለት ነው።

በድሮው የፊልም ካሜራ የተነሳ ፎቶ በአንድ ጣት ተጭኖ አይጠፋም ነበር። በዲጂታል ካሜራ ግን ፎቶው የሚቀመጠው ሜሞሪ ካርድ በሚባል ትንሽ ነገር ላይ ነው። ካርዱ 4 ጊጋባይት ቢሆንና አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ቢይዝ፣ ወደ 1000 ፎቶ ይችላል። ይህ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአንድ የተሳሳተ ንክኪ የሚጠፋውም ያንኑ ያህል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1ኛ. ካሜራው የሚጠይቀንን እናንብብ። ብዙ ፎቶ የሚጠፋው ካሜራው ተበላሽቶ ሳይሆን እኛ ቸኩለን ነው። ካሜራው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ ሳናነብ «እሺ» እንላለን። ቢያንስ አምስት ቃላት እንወቅ። «ዲሊት» ወይም «ኢሬዝ» ማለት አጥፋ ነው። «ኦል» ማለት ሁሉንም ነው። «ካንስል» ማለት ተወው ነው። «ፎርማት» ማለት ደግሞ ካርዱን በሙሉ ባዶ አድርግ ማለት ነው። የቆሻሻ ቅርጫት ሥዕል ያለበት መጫኛም ማጥፊያ ነው። በብዙ የኒኮን ካሜራዎች ይህንን መጫኛ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ፎቶውን ያጠፋዋል። ስለዚህ ምን እንደሚጠይቅ ካልገባችሁ ምንም አትጫኑ፤ ካሜራውን አጥፉና የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።

2ኛ. ካሜራው ከእጅ ወደ እጅ አይዙር። ፎቶ እንዳነሳን ልጆች ይከቡንና «እስኪ እኔን አሳየኝ! እስኪ ላምጣው!» ይላሉ። ማሳየት ነውር የለውም። ግን ማሰሪያው አንገታችን ላይ እንዳለ፣ ራሳችን ይዘን እናሳይ። «እኔ አላማረብኝም፣ አጥፋው» የሚልም አይጠፋም። እዚያው ቆመን አናጥፋ። በዚያ ትንሽ መስኮት ላይ የደበዘዘ የመሰለን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ጥሩ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በችኮላ ደግሞ አንዱን አጠፋለሁ ሲሉ ጎረቤቱን ማጥፋት አለ።

3ኛ. የቁልፍ ሥዕሉን እንጠቀም። በብዙ ካሜራዎች ላይ «ፕሮቴክት» የሚል ምርጫ አለ፤ ጠብቅልኝ ማለት ነው። ይህንን ስንመርጥ ፎቶው ላይ ትንሽ የቁልፍ ሥዕል ይወጣል። ከዚያ በኋላ «ዲሊት» ብንል እንኳ ያ ፎቶ አይጠፋም። ግን ተጠንቀቁ! «ፎርማት» ከተደረገ የቁልፍ ሥዕል ያለውም ጭምር ይጠፋል።

4ኛ. ካርዱን እንቆልፍ። ካርዱን አውጥታችሁ ጽሑፉ ወደ እናንተ ሲሆን በግራ ጎኑ ትንሽ ተንሸራታች ነገር ታያላችሁ። ወደ ታች ስትገፉት ካርዱ ይቆለፋል። ያኔ ፎቶዎቹን ማየትና ኮፒ ማድረግ ይቻላል፤ ማጥፋትም ሆነ አዲስ ማንሳት ግን አይቻልም። ብዙ ሰው ወደሚጠቀምበት ኮምፒውተር ካርዱን ከማስገባታችን በፊት ብንቆልፈው ከቫይረስም ይረዳናል። እንደ ስልክ ካርድ ትንሿ ካርድ ላይ ይህ ነገር የለም፤ የምትገባበት ትልቁ ማቀፊያ ላይ ግን ይገኛል።

5ኛ. በዕለቱ ኮፒ እናድርግ። ወደ ኮምፒውተር ስናዛውር «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» እንበል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ የመጀመሪያው ካርዱ ላይ ይቀራል። ከዚያ ፎቶዎቹን ከፍተን እንይ፤ ሁለተኛ ኮፒ ፍላሽ ላይ እናስቀምጥ። ካርዱን ባዶ ማድረግ የሚቻለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የካሜራው ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ደግሞ ባትሪም ካርድም አናውጣ፤ እየጻፈ ነውና።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፎቶ ቢጠፋስ? ወዲያው ማንሳት እናቁም! ምክንያቱን በስም መጥሪያ ልግለጽላችሁ። ካርዱ የፎቶዎቹ ስም መጥሪያ አለው። ፎቶ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰረዘው ከስም መጥሪያው ነው። ተማሪው ግን ገና ወንበሩ ላይ ተቀምጧል እንደማለት ነው። አዲስ ፎቶ ስናነሳ አዲሱ መጥቶ ወንበሩን ይይዝበታል፤ የድሮው ያኔ የምር ይሄዳል። ስለዚህ ካርዱን አውጥተን፣ ቆልፈን፣ ኮምፒውተር ለሚያውቅ መምህር እንስጥ። ሬኩቫ እና ፎቶሬክ የሚባሉ የጠፋ ፎቶ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች አሉ። የተገኘው ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ እዚያው ካርድ ላይ መቀመጥ የለበትም። ሁሌ ይገኛል ማለት ግን አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን ቀድሞ መጠንቀቁ ይሻላል።

በመጨረሻ ለክበባችን አባላት አንድ ሐሳብ አለኝ። በካሜራው ቦርሳ ውስጥ አንዲት ወረቀት ትኑር። ካሜራውን የወሰደ ልጅ ስሙን፣ ቀኑንና «ኮፒ ተደርጓል» ወይም «አልተደረገም» ብሎ ይጻፍባት። «አልተደረገም» የሚል ካለ ማንም «ፎርማት» አያድርግ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ቅጠል ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ!