የሞባይል ገንዘብ የምሥጢር ቁጥርዎን ጎረቤትዎ መገመት ይችላል?

የእህል ሽያጭ ገንዘብም ሆነ ልጅ ከከተማ የሚልከው ብር ዛሬ በእጅ ስልክ ይንቀሳቀሳል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ አሠራሩ ከከተማ አልፎ ገጠር ዘልቋል። ስልኩ ከሌላ ሰው እጅ ቢገባ ገንዘቡን የሚጠብቀው ግን የምሥጢር ቁጥሩ ነው።

ባለ4 አሃዝ ቁጥር 10 ሺህ፣ ባለ6 አሃዝ ደግሞ 1 ሚሊዮን አማራጮች አሉት። እንዲህ ያሉ አገልግሎቶች ደጋግሞ የተሳሳተን ሰው ስለሚያግዱ፣ በጭፍን የሚሞክር ሌባ የሚሳካለት እምብዛም ነው። ችግሩ ሌባው በጭፍን አለመሞከሩ ነው። የትውልድ ዓመቱን ባለ4 አሃዝ የምሥጢር ቁጥር ያደረገ ሰው 10 ሺሁን አማራጭ ወደ 70 ወይም 80 አውርዶታል፤ ዕድሜውን በግምት ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ጥቂት ሙከራ ይበቃል። በገጠር ቀበሌ የጎረቤቱን ዕድሜ የማይገምት ማን አለ?

ስለዚህ ቁጥሩን ለመፈተሽ የሚቀርበው ጥያቄ «የሚያውቀኝ ሰው በ3 ሙከራ ይደርስበታል ወይ?» የሚል ነው። የስልክ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች፣ 0000 እና 1234 ይህን ፈተና አያልፉም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ የአሜሪካ ድርጅት 32 ሚሊዮን ያህል የይለፍ ቃላት ሲሰረቁ፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞበት የተገኘው 123456 ነበር።

የማይገመት ቁጥር ለማግኘት ዕጣ ማውጣት ይቻላል። ከ0 እስከ 9 ያሉትን አሃዞች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ የወጣውን መልሶ እየቀላቀሉ 6 ጊዜ ማውጣት ነው። ቁጥሩ እስኪለመድ ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ ከተለመደ በኋላ ወረቀቱን ማቃጠል ይገባል።

ፌስቡክና ኢሜይል ፊደል ስለሚቀበሉ እዚያ ዋናው ነገር ርዝመት ነው። በላቲን ትንንሽ ፊደላት ብቻ በተጻፈ የይለፍ ቃል ላይ አንድ ፊደል ሲጨመር አማራጩ 26 ጊዜ ይበዛል። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት፣ ለምሳሌ ጎተራ፣ ባቡር፣ ሚጥሚጣ እና መሰንቆ፣ በላቲን ፊደል ተያይዘው ቢጻፉ ከአጭርና ውስብስብ ቃል ይልቅ ለባለቤቱ ይቀላሉ፤ ለሌባው ይከብዳሉ። (እነዚህኑ መውሰድ ግን አይገባም፤ እዚህ ታትመዋልና።) አንዱን የይለፍ ቃል በሁሉም ቦታ መጠቀም ማሳን ሁሉ በአንድ የስንዴ ዝርያ እንደ መሸፈን ነው፤ ዋግ አንዱን ከያዘ ሌላው አይተርፍም። በኢንተርኔት «ጥንካሬውን እንፈትሽልዎ» በሚሉ የማይታወቁ ገጾችም እውነተኛውን የይለፍ ቃል መጻፍ አይገባም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው በገበያ ቀን በወኪሎች ደጃፍ የሚታየው ልማድ ነው። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ስልካቸውን ለወጣት ሰጥተው ቁጥራቸውን ጮክ ብለው ይናገራሉ። እርዳታ መጠየቃቸው ነውር የለውም። ረዳቱ ምሥጢር ቁጥር እስከሚጠየቅበት ድረስ ያድርስላቸው፤ ከዚያ ስልኩን ተቀብለው ራሳቸው ይጫኑ። በብዙ ባለ ቁልፍ ስልኮች 5 ቁጥር ላይ በጣት የሚዳሰስ ትንሽ ነጥብ ስላለ፣ ከእርሷ ተነስቶ የሌሎቹን ቦታ መልመድ ይቻላል። በ*127# ሲጠቀሙ አሃዞቹ በስክሪኑ ላይ በግልጽ ሊታዩ ስለሚችሉ ከሰው ዞር ማለት ይገባል።

ቁጥሩን የሰማ ሰው ካለ በዚያው ቀን መቀየር፣ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ያለበት ስልክ ከጠፋ ደግሞ በሌላ ስልክ ወደ 994 ደውሎ ሲሙን ማዘጋት ያስፈልጋል።