የጥንት ግሪኮች የድር መወጠሪያ ሸክላዎች

በግሪክ አገር የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ሲቈፈር፥ አናቱ የተበሳና በመዳፍ የሚያዝ የሸክላ ቍራጭ ብዙ ጊዜ ይገኛል። አንዳንዱ ፒራሚድ ይመስላል፤ አንዳንዱ ሾጣጣ፥ አንዳንዱም ክብና ጠፍጣፋ ነው። ከዕብነ በረድ ሐውልት አጠገብ ሲታይ የሚያስደንቅ ነገር ስለሌለው፥ በቈፋሪዎች መዝገብ ለብዙ ዘመን ከትናንሽ ዕቃዎች ተራ ተቈጥሮ ቅርጹ ብቻ ተጽፎለታል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ግን ስለ ጨርቁ የሚመሰክረው ከቅርጹ ይልቅ ክብደቱና ውፍረቱ መሆኑን ማስረዳት ነው።

በአገራችን ሸማኔው ከጕድጓዱ አፍ ተቀምጦ ሲሠራ ድሩ በፊቱ ተዘርግቶ ይወጠራል። የግሪኮች የሽመና ዕቃ ግን ግድግዳ ተደግፎ የሚቆም ነበር። በሁለት ቋሚዎች ላይ አንድ አግዳሚ እንጨት ይጋደማል፤ ድሩም ከአግዳሚው ወደ ታች ይንጠለጠላል። የተንጠለጠለ ክር ካልተወጠረ ማግ ሊገባበት ስለማይችል፥ ድሩ ጥቂት ጥቂቱ አንድ ላይ እየተቋጠረ ሸክላ ይታሰርበታል። ሸክላዎቹ በፊትና በኋላ በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ፤ ጨርቁም ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይሠራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ550 ዓመት ገደማ የአማሲስ ሠዓሊ በተባለው ሰው የተሣለች፥ ዛሬ በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የምትገኝ ትንሽ የዘይት ዕቃ ይህን ሁሉ በግልጽ ታሳያለች። ሱፍ የሚመዝኑት፥ የሚፈትሉት፥ የሚሸምኑትና ያለቀውን ጨርቅ የሚያጥፉት ሁሉም ሴቶች ናቸው።

እንግዲህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ክር ለመወጠር 20 ግራም ያስፈልገዋል ብንል፥ 200 ግራም የሚመዝን ሸክላ 10 ክር ይይዛል። ሸክላው 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ካለው፥ በሁለቱ ረድፍ በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 20 ክር፥ ማለት በአንድ ሳንቲ ሜትር 10 ክር ይገባል። ክብደቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን 5 ክር ብቻ ነው፤ ጨርቁም የሳሳ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኮፐንሃገን የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ጥናት ማእከል ሸክላዎችን በአምሳላቸው አሠርቶ፥ በሥራው የሠለጠኑ ሸማኔዎች እንዲሸምኑባቸው በማድረግ ይህን በተግባር መርምሯል።

በእንዝርት ላይ የሚሰካውም ሸክላ በክብደቱ ይናገራል፤ ቀላሉ ለቀጭን ክር ይስማማል። ኤፒኔትሮን የሚባለው፥ ሴቲቱ ተቀምጣ ሱፍ ስታሰናዳ ጕልበቷንና ታፋዋን የምታለብሰው ሸክላ ደግሞ ከሁሉ ያማረ ነው። በኤሬትሪያ የተገኘውና በአቴና ብሔራዊ ሙዚየም ያለው፥ የሰርግ ሥዕል የተሣለበት፥ እጅግ የታወቀ ነው። ነገር ግን ስለ ዕለት ሥራ ከእርሱ ይልቅ ተራው መወጠሪያ ይበልጥ ያስተምረናል።

ለዚህም ኦሊንቶስ ምስክር ናት። ከተማዪቱን የመቄዶንያ ንጉሥ ፊልጶስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ348 ዓመት አጠፋት። እ.ኤ.አ. ከ1928 እስከ 1938 በአራት ወቅት በተደረገው የሮቢንሰን ቍፋሮ፥ መወጠሪያዎቹ በየመኖሪያ ቤቱ በብዛት ተገኝተዋል። እንጨቱና ክሩ በስብሶ ጠፍቷል፤ የሸመኑትም ሴቶች ስለ ሥራቸው የጻፉት ነገር አልደረሰንም። በአንድ ስፍራ ተከማችተው የተገኙት ሸክላዎች ግን በዚያ ቤት ሽመና እንደ ነበረ ያመለክታሉ። እርግጥ፥ ክምችቱ በዕቃ ቤት የተቀመጠ ሊሆን ስለሚችል፥ ሸክላው በተገኘበት ሁሉ ተሸምኖበታል ማለት አይገባም። አንድ ብቻውን የተገኘ ሸክላም ብዙ አያስረዳም።

የሚያሳዝነው በቀድሞ መዝገቦች ዘንድ ክብደትና ውፍረት ብዙ ጊዜ አለመጻፉ ነው። ስለዚህ በየመጋዘኑ ያሉት እንደ ገና በሚዛን መቀመጥ አለባቸው። ጫፉ የተሰበረው እንኳ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ሳይጐድል ስለሚገኝ፥ መጣል አይገባውም።