ከቋራ እርሻ እስከ ዙፋን



የመተማና የቋራ ቆላ በተነሣ ቁጥር ከተሜው የሚያስበው ሰሊጡን፣ ጥጡን፣ ሙቀቱንና ወባውን ነው። ይህም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን በተባለው በዚህ አገር፣ ማረሻ ይዞ የመንግሥትን መንገድ የጀመረ ሰው ነበረ፤ እርሱም በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ የተባለው የቋራው ካሣ ኃይሉ ነው። ስለ ጦረኛነቱ ብዙ ተብሏልና ዛሬ የምናወሳው ስለ ገበሬነቱ ይሆናል።

ካሣ በትውልዱ ገበሬ አልነበረም፤ አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ መኳንንት ወገን ነበሩ። ሆኖም አባቱ ሲሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በድህነት ወደቁ፤ ጠላቶቹም «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሲሰድቡት ኖረዋል። የቅርብ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ በ1831 ዓ.ም. ሲሞቱ ግዛታቸው ወደ እቴጌ መነን እጅ ስለ ገባ፣ ካሣ ሸፍቶ ወደ ቆላው ወረደ።

ሽፍታ የሚበላው ከነጋዴ ሲራራና ከባላገር ጎተራ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ካሣም ሲራራ አልዘረፈም አንልም። ነገር ግን የዘመኑን ታሪክ የጻፉት አለቃ ዘነብ እንደሚነግሩን፣ በቋራ ረኃብ በሆነ ጊዜ ካሣ ተከታዮቹን ይዞ ጫካ መንጥሮ አረሰ፤ በእጁ የገባውንም ገንዘብ የእርሻ መሣሪያ ይገዛበት ዘንድ ለባላገሩ አከፋፈለ። የቆላውን እርሻ ያየ ሰው ይህ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ክረምት ሲገባ ጥቁሩ መሬት እግር ይይዛል፣ ወባው ሰውን ይጥላል። እንግዲህ ባላገሩ ወታደርን ሲበላ እንጂ ሲያርስ አይቶ የማያውቅ ነበርና፣ ልቡን ለካሣ መስጠቱ ያስደንቃልን?

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጥኖ ይነገራል። በ1839 ዓ.ም. እቴጌ መነንን ማረከ፤ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በግብፆች መድፍ ተሸነፈ፤ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ አይሻል ላይ አማቱን ራስ አሊን ድል አደረገ፤ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸንፎ ነገሠ።

ንጉሠ ነገሥቱ ገበሬውን ወዲያው አልረሱትም። ሁሉም ወደየአባቱ ሥራ ይመለስ፣ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ወታደሩ በባላገሩ ቤት ተመርቶ እንዳይበላ ደመወዝ ሊቆርጡለት አሰቡ። በደመወዝ ለምንተዳደር ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ይህ ተራ ነገር ይመስለናል፤ በዚያ ዘመን ግን ታላቅ አሳብ ነበረ። ችግሩ ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ለየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን የሚበቃ መሬት ቀርቶ የተረፈው ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ ቢሉ ካህናቱ ተቃወሟቸው፤ መኳንንቱም በየአገሩ ሸፈቱ። ሽፍታ ለመውጋት ጦር ያስፈልጋል፤ ጦሩ ደግሞ ግምጃ ቤቱ ባዶ ሲሆን ተመልሶ በገበሬው ማጀት ላይ ይወድቃል። እንዲሁም ሆነ። በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተዘርፋ ተቃጠለች፤ ብዙ ሺህ የነበረው ሠራዊትም እየከዳ ጥቂት ሺህ ብቻ ቀረ።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲገሠግሥ፣ ባላገሩ በመንገዱ ላይ አልተዋጋውም። ጄኔራል ናፒየር የማርያ ቴሬዛ ብር በብዛት አስጭኖ መጥቶ ነበርና፣ ገበሬው እህሉንና የከብት መኖውን እያወጣ በጥሬ ገንዘብ ሸጠለት።