ካናቴራው ላይ ያለው ሞገድ

ጥቁር ካናቴራ ላይ ተደራርበው የተሰመሩ፣ መሐላቸው ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ከፍ ዝቅ የሚሉ ነጭ መስመሮች አይታችሁ ይሆናል። የለበሰውን ልጅ «ምንድን ነው?» ብትሉት «እንጃ፣ አምሮኝ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ነገሩ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የተገኘች የአንዲት ኮከብ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ዲዛይነሩ ፒተር ሳቪል በ1979 ለጆይ ዲቪዥን የመጀመሪያ አልበም ሽፋን አደረገው። ካናቴራው ከባንዱ በላይ ታወቀ ማለት ይቻላል።

በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ሳልፎርድ ውስጥ አብረው የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። በ1976 ማንቸስተር ላይ ሴክስ ፒስትልስን አይተው «ይሄንንማ እኛም እንችላለን» አሉ። ሁክ ወዲያው ቤዝ ጊታር ገዛ። ማጉያው ደካማ ስለነበር ራሱን ለመስማት ቀጭኑን ድምፅ መጫወት ያዘ፤ የባንዱ መለያ የሆነው ዜማ የመጣው ከዚህ ችግር ነው። ከበሮው የስቲቨን ሞሪስ፣ ግጥሙና ድምፁ የኢያን ከርቲስ ነበር። ከርቲስ ቀን ቀን በሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት አካል ጉዳተኞችን ሥራ ሲያስቀጥር ይውላል።

ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ሃኔት አልበሙን ቀዝቃዛና ባዶ አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ አስመሰለው። ሰምነርና ሁክ አልወደዱትም፤ እነሱ የፈለጉት መድረክ ላይ እንደሚጫወቱት የሚጮህ ነገር ነበር። እኔን ከጠየቃችሁኝ ትክክል የነበረው ሃኔት ነው።

ከርቲስ የሚጥል በሽታ ነበረበት። መድረክ ላይ እጁን እያወናጨፈ ሲጨፍር ተመልካቹ ጭፈራ ይሁን ሕመም መለየት ያቅተው ነበር። ትዳሩም ተናግቷል። ግንቦት 18 ቀን 1980፣ ባንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አሜሪካ ሊበር አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ23 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ጓደኞቹ ኋላ ላይ የተናገሩት ያሳዝናል፦ በየምሽቱ አጠገባቸው ሲዘፍን ግጥሙን ልብ ብለው አልሰሙትም። ሁለተኛው አልበም «ክሎዘር» የወጣው ከሞተ ከሁለት ወር በኋላ ነው።

አንዳችን ከጎደልን ስሙ ይቅር ተባብለው ነበርና ቃላቸውን ጠበቁ። ጊሊያን ጊልበርትን ጨምረው ኒው ኦርደር ተባሉ፤ በ1983 በ«ብሉ መንዴይ» ጭፈራ ቤቶችን አጥለቀለቁ። ሁክ በ2007 ወጣ። ከዚያማ ፍርድ ቤት ተካሰሱ፣ በ2017 ተስማሙ። አብረው ግን አልተመለሱም፤ የከርቲስን ዘፈኖች እነሱም በየመድረኩ፣ ሁክም በራሱ ባንድ፣ ለየብቻ ይጫወታሉ።