የንግድ ኮምፒዩተርና ጳጉሜን



በነሐሴ 30 ቀን ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው በመስከረም 1 ቀን ቢመለስ፣ ገንዘቡ ስንት ቀን እንደ ቆየ በጣቱ ቈጥሮ ያውቀዋል፤ ስድስት ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ከሆነ ግን ሰባት ይሆናል። ወሩን ሁሉ ሠላሳ ቀን፣ ዓመቱንም ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ አድርጎ የሚቈጥር ኮምፒዩተር ግን አንድ ቀን ብቻ ነው ይላል። የቀረው ወለድ ለአንድ ሰው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ በብዙ ሺህ ደንበኞች ሲባዛ ግን ቀላል ገንዘብ አይደለም። ይህ ስሕተት ከወዴት እንደሚመጣ ለመረዳት፣ ከሰላሳ ዓመት በፊት በየንግድ ቤቱ ይሠራበት የነበረውን መካከለኛ ኮምፒዩተር አሠራር ማወቅ ያሻል።

መካከለኛ የተባለበት ምክንያት፣ ሰፊ አዳራሽ ከሚይዘው ከትልቁ መኪና ያነሰ፣ አንድ ሰው በጠረጴዛው ላይ ከሚያኖረው ግን የበለጠ በመሆኑ ነው። ከነዚህ ሁሉ ስሙ የተጠራው አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ሰኔ 14 ቀን 1980 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1988) ለገበያ ያቀረበው ኤ.ኤስ. 400 ነው። የተሠራውም በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ ሮቸስተር በምትባል ከተማ ነው። የዕቃ፣ የደመወዝና የደንበኛ መዝገብ የሚቀመጥበት ክፍል ከመኪናው ሥርዐት ጋር አብሮ የተበጀ ስለ ሆነ፣ የመዝገብ ፕሮግራም ለብቻ መግዛት አያስፈልግም ነበር።

ሠራተኛው መኪናውን ራሱን አያየውም። በፊቱ ያለው ተርሚናል የሚባል፣ አረንጓዴ ፊደል የሚያሳይ ስክሪንና የቁልፍ ገበታ ብቻ ነው። ተርሚናሎቹም በአንድ ወፍራም ሽቦ እንደ መቍጠሪያ እየተከታተሉ ይታሰራሉ፤ በአንድ መስመር እስከ ሰባት ድረስ ይደረደራሉ። መካከል ላይ ያለውን ሽቦ ጽዳት ሠራተኛ ሳታውቅ ብትነቅለው ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ ድርግም ይላሉ። ሽቦው ከ1,500 ሜትር ያህል በላይ አይሄድም።

እንግዲህ ዋናው መሥሪያ ቤት ፒያሳ፣ ቅርንጫፉ ደግሞ ከከተማው በስተ ምዕራብ ሳንሱሲ ነው እንበል። ርቀቱ ከሽቦው ዐቅም ብዙ እጥፍ ስለ ሆነ የስልክ መስመር መከራየት ግድ ይሆናል። በሁለቱም ጫፍ ሞደም ይቀመጣል፤ ሞደም ማለት የኮምፒዩተሩን ቍጥር በስልክ መስመር ለመሄድ ወደሚችል ድምፅ የሚለውጥ፣ በማዶም ያንኑ ወደ ቍጥር የሚመልስ ሣጥን ነው። የዚያን ጊዜ መስመር በሴኮንድ 9,600 ቢት ያህል ያሳልፋል፤ ይህ ለዛሬ ሰው መሣቂያ ነው። ነገር ግን ተርሚናሉ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ተመታ አይልክም። ሠራተኛው ቅጹን ሞልቶ ኤንተር የሚለውን ቍልፍ ሲጫን ብቻ ገጹን በአንድ ጊዜ ይልካል። ስክሪኑ 24 መስመር፣ እያንዳንዱም መስመር 80 ፊደል ስለሚይዝ፣ ጢም ብሎ ቢሞላ 1,920 ፊደል ነው፤ ይህም በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ደረሰ ማለት ነው። የሳንሱሲው ሠራተኛ ከፒያሳው እምብዛም አይዘገይም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ዛሬ ባለ ብዙ ሥዕል ስክሪን እስኪከፈት ድረስ በመስኮት ፊት ተሰልፎ የሚጠብቅ ደንበኛ ያን አረንጓዴ ገጽ ቢያገኘው አይጠላውም።

ፕሮግራሙ በአብዛኛው የሚጻፈው አር.ፒ.ጂ. በሚባል ቋንቋ ነበር። ቋንቋው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲወጣ በወረቀት ካርድ ላይ ይበሳ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱ ፊደል የሚቀመጥበት ዓምድ የተወሰነ ነው። በስድስተኛው ዓምድ «ኤፍ» ቢጻፍ መዝገብ፣ «ሲ» ቢጻፍ ስሌት ማለት ነው፤ አንድ ዓምድ የሳተ ትእዛዝ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በአራተኛው ዐይነት አር.ፒ.ጂ. ደግሞ መኪናው ቀንን ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ ተጨመረ።

ለኛ አገር ሥራ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። መኪናው የሚያውቀው ቀን የአውሮፓውያንን ነው። ጥቅምት 30 ብለን 30ና 2 ብንጽፍለት፣ በፌብሩዋሪ ሠላሳ ቀን የለም ብሎ ይመልሰዋል፤ 13ኛ ወር ስንለውም እንዲሁ። የሚመልሰውስ ይሻላል፤ ሠራተኛው ወዲያው ያውቃልና። ጥር 10ን ሜይ 10 አድርጎ ጸጥ ብሎ የሚቀበለው ግን ዕዳን የአራት ወር ያህል ያሳስታል። በዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ የዕለት ገቢና ወጪ መዝገብ ግን ጳጉሜንን መዝለል አይችልም። ስለዚህ አንዱ ፕሮግራም ዐሥራ ሁለት፣ ሌላው ዐሥራ ሦስት ወር ማወቅ አለበት።

መፍትሔው ቀኑን ወደ አንድ ተከታታይ ቍጥር መለወጥ ነው። ዓመቱን በ365 ማባዛት፤ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን ጥሎ ድርሻውን መደመር፤ ከወሩ ቍጥር አንድ ቀንሶ በ30 ማባዛትና መደመር፤ በመጨረሻም ቀኑን መጨመር። ነሐሴ 30 ቀን 1999 ዓ.ም. በዚህ ስሌት 730,494 ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ደግሞ 730,501 ነው። ልዩነቱ ሰባት ነው፤ 1999 ዘመነ ሉቃስ ነበረና ትክክል ነው። ይህ ስሌት አንድ ጊዜ ተጽፎ በአንድ ስፍራ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ፕሮግራሞች ሁሉ እርሱን ይጠሩታል። እያንዳንዱ ጸሐፊ የየራሱን የጻፈ እንደ ሆነ ግን የሒሳብ ክፍሉና የግምጃ ቤቱ ቀን አይገጥምም።

የስም ነገርም ከዚህ አያንስም። መኪናው ለፊደል የነበረው ስፍራ 256 ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ 64ቱ ለራሱ ትእዛዝ የተያዙ ናቸው። የኛ ፊደል ከነዲቃላው፣ ከነቍጥሩና ከነሥርዐተ ነጥቡ ከ300 በላይ ነው። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የኛን ፊደል የጨመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ስም በላቲን ፊደል ሲመዘገብ፣ ፀሐይ የተባለችውን ደንበኛ አንዱ ጸሐፊ በ«ቲ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ይጀምርላታል፤ በስሟ ሲፈልጓትም የለችም ትባላለች። የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም ነው ብሎ የሚያስብ የውጭ ፕሮግራምም ደንበኞችን በየአባቶቻቸው ስም ይደረድራቸዋል። የሒሳብ ደብተር ቍጥርዎን በቃልዎ ቢይዙ የሚጠቅመው ስለዚህ ነው።

ቦታ ለመቈጠብ ሲባል ዓመቱን በሁለት አኃዝ ብቻ መጻፍ በዓለም ሁሉ የተለመደ ነበር። የአውሮፓውያን 2000 የገባው በታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ በብዙ አገር ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ፕሮግራሙ ታርሟል። የኛን ዓመት በሁለት አኃዝ ለጻፈ ፕሮግራም ግን ቀጠሮው መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። በጳጉሜን 6 ቀን 99 የተቀመጠ ገንዘብ በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 00 ሲታሰብ፣ ያው ስሌት ወደ ኋላ 36,524 ቀን ይሰጣል። አራት አኃዝ ለማድረግ ደግሞ መዝገቡን፣ ስክሪኑንና የሚታተመውን ቅጽ ሁሉ መለወጥ ያስፈልጋል። ይህን ለማስቀረት ከ00 እስከ 39 ያለውን የሁለት ሺህ፣ ከ40 እስከ 99 ያለውን የሺህ ዘጠኝ መቶ አድርጎ መቍጠር ይቻላል፤ ራሱ ኤ.ኤስ. 400 ለአውሮፓውያን ቀን የሚሠራበት ደንብ ይኸው ነው። ይህን ደንብ ለኛ ዓመት የመረጠ ድርጅት በ2040 ዓ.ም. ያንኑ ፕሮግራም እንደ ገና መክፈት ይኖርበታል።