የስኳር በሽታ መለያ ኮድ በትክክል መመዝገቡ ለኢንሱሊን አቅርቦት ወሳኝ ነው

ጎንደር፦ በጤና ተቋማት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የስኳር በሽታ መለያ ኮድ ለጤና መድህን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ለመድኃኒት ዕቅድም መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

በዓለም ጤና ድርጅት 10ኛው የበሽታዎች ምደባ መሠረት ኢ10 ዓይነት አንድን፣ ኢ11 ዓይነት ሁለትን፣ ኢ12 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን፣ ኢ14 ደግሞ ዓይነቱ ያልተገለጸውን የስኳር በሽታ ያመለክታሉ። ከነጥብ በኋላ የሚጻፈው 2 የኩላሊት፣ 3 የዓይን ጉዳት መኖሩን ያሳያል።

የምደባው ጉዳይ በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች የተለየ ትርጉም አለው። ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው በጎንደርና በጅማ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ኢንሱሊን የሚሹ የገጠር ህሙማን በአብዛኛው ወጣት፣ ከሲታና ድሃ መሆናቸውን አመልክተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1985 ቢቀበለውም በ1999 ከስኳር በሽታ ዓይነቶች ዝርዝር አውጥቶታል፤ ኢ12 ግን በ10ኛው ምደባ ውስጥ ቆይቷል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ዓይነት አምስት በሚል ስያሜ እውቅና ሰጥቶታል።

በመሆኑም መዝጋቢው ኮዱን መምረጥ ያለበት በታማሚው ዕድሜ ወይም በሚወስደው መድኃኒት ሳይሆን ሐኪሙ በካርዱ ላይ ባሰፈረው ምርመራ ነው፤ ለዓይነት ሁለት ታማሚም ኢንሱሊን ሊታዘዝ ይችላልና። ዓይነቱ ካልተጻፈ ኢ14ን ከመሙላት በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።

ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል አርሶ አደር በስህተት በኢ11 ከተመዘገበ የጤና ጣቢያው የኢንሱሊን ፍላጎት በሪፖርት ላይ አንሶ ይታያል፤ ታማሚውም መድኃኒት ፍለጋ ጎንደር ከተማ ድረስ ለመመላለስ ሊገደድ ይችላል።