ቶርክ ሬንች፦ ጋራዡ የሚገዛው፣ ባለመኪናው የሚያተርፍበት መሣሪያ

ጤፍ በኪሎ፣ ጨርቅ በሜትር፣ ነዳጅ በሊትር በሚሸጥበት ገበያ የመኪና ጎማ ዳዶ ብቻ በጎሚስታው ክንድ ይለካል። ጎማ ቀይሮ የሚወጣ ባለመኪና «ጠብቋል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ «አታስብ» የሚል ነው። ስንት ጠበቀ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ቁጥር የሚናገር ባለሙያ ብዙ አይገኝም። ቁጥሩን የሚናገረው ቶርክ ሬንች የተባለው መሣሪያ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ማለቱ ይታወቃል። በመሆኑም በአጠባበቅ ጉድለት የሚበላሽ ብሎን፣ ቸርኬ ወይም ቴስታታ የሚያስከትለው ኪሣራ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። ስለዚህ መሣሪያውን ለጋራዡ፣ ለጭነት መኪናው ወይም ለሽያጭ ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

ለመሆኑ ቶርክ ምንድን ነው?

ቶርክ ማለት የማዞር ጉልበት ሲሆን፣ የሚገኘውም የሚያርፈው ኃይል በመፍቻው ርዝመት ሲባዛ ነው። ግማሽ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 20 ኪሎ የሚያህል ጫና ቢያርፍ ውጤቱ 10 ኪሎ ግራም ሜትር፣ ማለትም 98 ኒውተን ሜትር ይሆናል። የቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ በፋብሪካው መመሪያ የተወሰነለት 103 ኒውተን ሜትር ስለሆነ ይህ ለልኩ የቀረበ ነው።

አንዳንድ ሠራተኛ ግን መፍቻውን በቱቦ አስረዝሞ በእግሩ ይቆምበታል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር በሆነ ቱቦ ጫፍ ላይ ቢቆም በዳዶው ላይ የሚያሳርፈው 687 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ከኮሮላው ልክ ከስድስት እጥፍ በላይ ነው። በአንጻሩ 22 ሚሊ ሜትር ብሎን ላላቸው የከባድ መኪና ጎማዎች ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ600 እስከ 680 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ለተሳቢው የሚቀርበው ያው እግር የቤት መኪናውን ብሎን ያበላሻል፤ ለቤት መኪናው የሚበቃው ክንድ ደግሞ ለተሳቢው አይበቃም።

ሲላላም ሲጠብቅም ጉዳት ነው

ብሎን ሲጠብቅ እንደ ስፕሪንግ በጥቂቱ ይሳባል። ጎማውን አጣብቆ የሚይዘው ወደ ነበረበት ለመመለስ የሚያደርገው ትግል ነው። በሚገባ ካልተሳበ በመንገድ ንዝረት ዳዶው ይላላል። ከልክ በላይ ከተሳበ ደግሞ መመለስ ያቅተዋል፤ ሲያዩት የጠበቀ ይመስላል እንጂ የመያዝ አቅሙ አልቋል፣ አንድ ቀንም ይበጠሳል።

ከዚህም ባሻገር ከሚያርፈው የማዞር ጉልበት ብሎኑን ለመሳብ የሚውለው 10 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው በጥርሱና በዳዶው ግርጌ ባለው ሰበቃ ያልቃል። ዝገትና ጭቃ ያለበት ብሎን በትክክለኛ ቁጥር ቢጠብቅም በሚገባው መጠን አይሳብም። በዘይት የረጠበ ደግሞ በዚያው ቁጥር ከሚገባው በላይ ይሳባል። ስለዚህ መመሪያው ቅባት ካላዘዘ ብሎኑን ጠርጎ በደረቁ ማጥበቅ ይገባል።

የትኛውን መግዛት?

በገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት ሦስት ዓይነቶች ናቸው። የመጀመሪያው ባለ መርፌው ሲሆን ዋጋው ዝቅተኛ፣ አሠራሩም ቀላል ስለሆነ በቀላሉ አይበላሽም። ሆኖም መርፌውን ፊት ለፊት ቆሞ ማንበብን ስለሚጠይቅ ለጠባብ ቦታ አይመችም። ሁለተኛው ቁጥሩ ከተሞላለት በኋላ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚለው ነው። ፈጣን በመሆኑ ለጋራዥ የሚመረጠው ይህ ነው። ሦስተኛው በባትሪ የሚሠራው ዲጂታል ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ባትሪና ጥንቃቄም ይፈልጋል።

ከዓይነቱ የበለጠ ወሳኙ ግን የመለኪያው ክልል ነው። ባለ «ቀጭ»ው መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚታመነው ከከፍተኛ መጠኑ 20 በመቶ ጀምሮ ነው። ከፍተኛው 200 ኒውተን ሜትር የሆነ ሬንች ከ40 በታች አያገለግልም ማለት ነው። በመሆኑም ከ18 እስከ 25 የሚፈልገውን ካንዴላና 103 የሚፈልገውን ጎማ በአንድ ሬንች እሠራለሁ የሚል ገዢ ከሁለት አንዱን ያበላሻል። ለቤት መኪና ጋራዥ አንድ ትንሽና አንድ መካከለኛ ሬንች ከነቡሶላው ይበቃል። ለከባድ መኪና ግን እስከ 800 ኒውተን ሜትር የሚደርስ ለብቻው ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የሚያንሰው፣ በእጅ መዳፍ የሚያዘው ሌላው ዓይነት ነው። ይህ ለኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሣጥን ማሠሪያ፣ ለብስክሌትና ለአደን ጠመንጃ መነጽር ማያያዣ የሚውል ሲሆን፣ በመነጽሩ ላይ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለጎሚስታ ግን አይሆንም።

የመለኪያ ስም ወጥመድ

አንዱ የመኪና መመሪያ በኒውተን ሜትር፣ ሌላው በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር፣ የአሜሪካኖቹ ደግሞ በፓውንድ ጫማ ይጽፋሉ። ያው የኮሮላ ዳዶ በሦስቱ 103፣ 1050 እና 76 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። 76ን ኒውተን ሜትር ነው ብሎ የሞላ ሠራተኛ ዳዶውን ከሩብ በላይ አላልቶ ይተወዋል። በፓውንድ ኢንች የተጻፈውን ፓውንድ ጫማ ነው ብሎ ያነበበ ደግሞ በ12 እጥፍ ይሳሳታል። ሬንቹ ላይ ኒውተን ሜትር በግልጽ የተቀረጸ መሆኑን አይቶ መግዛት ይህን ስሕተት ይቀንሳል።

ወረቀቱና ሙከራው

አይ.ኤስ.ኦ. 6789 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ከ10 ኒውተን ሜትር በላይ ለሆኑት መሣሪያዎች የሚፈቅደው ስሕተት 4 በመቶ ነው። ሻጩ የማረጋገጫ ወረቀት አለኝ ካለ በወረቀቱ ላይ ያለው ተከታታይ ቁጥር ሬንቹ ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰሉን ማየት ያሻል። ቁጥር የሌለው ወረቀት ለየትኛው ሬንች እንደተሰጠ አይታወቅም።

ገዢው ራሱም ሊሞክር ይችላል። የሬንቹን ጭንቅላት ካሬ ሞርሳ ላይ አስሮ እጀታውን አግድም ያደርጋል፤ ከካሬው መካከል 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ በእጀታው ላይ 20 ኪሎ ያንጠለጥላል። ይህ 78 ኒውተን ሜትር ያህል ስለሆነ ሬንቹ 70 ላይ ሲሞላ «ቀጭ» ማለት፣ 90 ላይ ሲሞላ ዝም ማለት አለበት። ሙከራው የወደቀ ዕቃን ያጋልጣል እንጂ በመሣሪያ የሚደረገውን የልኬት ማረጋገጫ አይተካም። ማረጋገጫው በየ12 ወሩ ወይም ከ5000 ጊዜ አገልግሎት በኋላ ቢታደስ የተለመደ ነው።

አያያዙም ዋጋ አለው። ባለ «ቀጭ»ው ሬንች ዳዶ ለመፍታት አይውልም፤ በቱቦ አይረዝምም፤ ሥራው ሲያበቃ ወደ ዝቅተኛ ቁጥሩ ተመልሶ በሣጥኑ ይቀመጣል።

ወጪው በማን ላይ ነው?

የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሬንቹን የሚገዛው ጋራዡ ነው፤ ዳዶው ሲበጠስ የሚከስረው ግን ባለንብረቱ ነው። በተሠራ ጎማ ብዛት የሚከፈለው ሠራተኛ ደግሞ በአየር በሚሠራው መፍቻ ቶሎ መጨረስን ይመርጣል። የሚከፍለውና የሚጠቀመው የተለያዩ እስከሆኑ ድረስ ጋራዡ በገዛ ፈቃዱ እስኪገዛ መጠበቅ አያዋጣም።

በመሆኑም አምስት ወይም አሥር መኪና ያለው የትራንስፖርት ባለሀብት የራሱን ሬንች ገዝቶ ለስምሪት ኃላፊው ቢያስረክብ ከጋራዡ ይልቅ እርሱ ይጠቀማል። ጎማ ከተቀየረ በኋላ ከ80 እስከ 160 ኪ.ሜ. ተጉዞ ዳዶውን እንደገና መለካት የሚመከር ሲሆን፣ ይህን ጎሚስታው መንገድ ድረስ ተከትሎ አይሠራውም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚጓዝ ሹፌር ግን አዋሽ ሳይደርስ ቆሞ በጥቂት ደቂቃ ሊጨርሰው ይችላል።

ለአስመጪውም ትምህርት አለው። ወረቀት የሌለውን ርካሽ ዕቃ ከሁሉም ጋር ተሻምቶ ከመሸጥ ይልቅ በቁጥር የተረጋገጠውን ከነማደሻ አገልግሎቱ የሚያቀርብ ነጋዴ ደንበኛው በየዓመቱ ይመለስለታል።